ረከቦቱ የት ይቀመጣል?

የቤት ውስጥ ዲዛይን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ገዝተን ገና ልንገባ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑን ስለካው 3.5 በ4.5 ሜትር ሆነ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ነጭና ግራጫ ቤት ሲያይ ነው የሚያመሸው። "ሞደርን ይሁን" ብሎ ለኤል ሼፕ ሶፋ ቀብድ ሊከፍል ነው። እኔ የሐበሻ ቤት ነው የምወደው፤ መሶብ፣ አገልግል፣ በርጩማ። አማቴ ደግሞ ጅዳ ሳሉ የገዙትን መጅሊስ "የእናንተ ነው" ብለው አስቀምጠውልናል። እምቢ ማለት ይከብዳል። የትኛውን ስታይል እንምረጥ? (ሀ.፣ ከሰሚት)

መልስ፦ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ቀብዱን ግን ትንሽ አቆዩት።

ሰው ስታይል ምረጪልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቡና የምታፈሉት የት ነው?" ብዬ ነው። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ መልስ ያጣሉ። ሶፋው ክፍሉን ሞልቶት፣ ረከቦቱ በቴሌቪዥኑና በበሩ መሃል ተሸጉጦ፣ የምታፈላዋ ለእንግዳ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችበትን ሳሎን ስንቴ አይቻለሁ! እናንተ ቤት በሳምንት አንዴም ቢሆን ቡና የሚፈላ ከሆነ፣ ለረከቦቱ፣ ለምድጃውና ለምታፈላዋ ሜትር ከግማሽ በሜትር ከግማሽ ያህል ቦታ ያዙ። ከበረንዳው በር አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ሰው ይገድላል፤ ይሄ ቀልድ የለውም።

ያንን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪ። ቀጥለሽ የሶፋውን ልክ ከሻጩ ጠይቂና እሱንም አስምሪ። አንዱ ክንፍ 2.80፣ ሌላው 2 ሜትር ቢሆን ምን እንደሚተርፍ ባለቤትሽ ራሱ ቆሞ ይየው። ለመተላለፊያ ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ተዉ። ደረጃውንም ለኩ። መታጠፊያው ላይ አልዞር ብሎ በገመድ በበረንዳ የሚጎተት ሶፋ ያላየ የኮንዶሚኒየም ሰው መቼም የለም።

ስለ ነጭና ግራጫው ልንገርሽ። እንዲህ ያሉት ፎቶዎች ብዙዎቹ የስካንዲኔቪያን ቤት የሚከተሉ ናቸው። ስዊድንና ዴንማርክ የብርዱ ወራት ረጅምና ጨለማ ነው። ግድግዳው የሚነጣው ያለችዋን ጥቂት ብርሃን መልሶ እንዲሰጣቸው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ፀሐይ አልቸገራትም። የሚያስቸግረን የማታው ብርድና የበጋው አቧራ ነው። እና በረንዳችሁ ወዴት እንደሚያይ እዩ። ወደ ደቡብ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ዘልቃ ትገባለች፤ ፈካ ያለ ግራጫ ያምርበታል። ወደ ሰሜን ከሆነ ግን በእነዚያው ብርዳም ወራት ፀሐይዋ ዝርም አትልም። እሱ ላይ ግራጫ ከጨመራችሁበት ጋቢ ደርባችሁ ነው ቴሌቪዥን የምታዩት። ክሬም ቀቡት፣ ወይም ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ።

አምፖሉንም አትናቁት። ሱቅ ገብተሽ "አምፖል ስጠኝ" ስትይ ብዙ ጊዜ የሚሰጥሽ 6500 ኬልቪን የሚለውን ነጩን ነው። ግራጫ ግድግዳ ላይ ነጭ መብራት ሲበራ ሳሎኑ ክሊኒክ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ 3000 ወይም 2700 የሚለውን ፈልጊ፤ ቢጫ መብራት የሚሉት እሱን ነው። ባለቤትሽን ያማለሉት ፎቶዎች ላይ ግማሹን ሥራ የሠራው መብራቱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። "የሐበሻ ቤት" ስትይ የየትኛውን አገር ነው? የሐረርን ቤት እንውሰድ። ጁገል ውስጥ አንድ የቆየ ቤት ብትገቢ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቶ ታገኚዋለሽ፤ ግን አይጨናነቅም። መቀመጫው ነደባ የሚሉት ከፍታው የተለያየ መደብ ነው። ወለሉ ቀይ ነው። ዕቃ ማስቀመጫው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው። ወለሉ ላይ የተኮለኮለ ዕቃ ስለሌለ ዓይን ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ያንን ሁሉ ስፌት አምጥተሽ ከቡፌና ከግዙፍ ሶፋ በላይ ብትደረድሪው ግን ሁለቱ ይጣላሉ።

ከሐረር ውሰጂ የምልሽ ዝቅ ብሎ መቀመጡን ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ደግሞ አማትሽ ጋ አለልሽ! መጅሊስ ግድግዳውን ተጠግቶ ይዘረጋል፤ መሃሉን ክፍት ይተወዋል። ቁመቱም ለረከቦቱ ለመሶቡም ይስማማል። ማኅበር ሲደርስ ወይም ለቅሶ ሲመጣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብሎ ሰው መጨመር ይቻላል። ሶፋ ላይ ግን ሦስት ሰው ከተመቻቸ በኋላ አራተኛው ሲመጣ የሁሉም ፊት ይቀየራል።

ስለዚህ ለሳሎናችሁ መጅሊሱን መርጫለሁ። ጌጡና ወርቃማው ጨርቅ ከበዛባችሁ ልብሱ ይቀየራል፤ አንድ ቀለም ያለው፣ አቧራ የማያሳብቅ ጨርቅ አልብሱት። ግን ቀድመሽ አማትሽን አስፈቅጂ። "እማማ፣ ጨርቁ እንዳይጎዳብን ሌላ ላልብሰው" ብትያቸው የሚከፋቸው አይመስለኝም። ለትራሶቹ ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ወፍራም የእጅ ሸማ እዘዢ። ሸማ ጠባብ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ሲጋጠም ስፌቱ የት እንደሚያርፍ ተነጋገሩ። ሳይሰፋ በፊት ደግሞ እጠቢው፤ ይሰበሰባል። አንድ ዓይነት ጥለት ይበቃሻል። በርጩማውን የጅማውን ግዢ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን። ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ባይስተካከልም አይንገዳገድም።

ባለቤትሽስ? መኝታ ቤቱን በግራጫ ይቀባ፤ እንቅልፍ ይመጣለታል። ኩሽናውንም ነጭ ካቢኔት ካለ እሺ በይው። ሽሮ ሲፈነጥቅ መወልወሉን ግን ከአሁኑ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ሳሪስ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ምስማር እንኳ እንድመታ አይፈቅዱም። ስታይል ለእኔም አለ ወይስ ለባለ ቤቶች ብቻ ነው? (ወንደላጤው)

መልስ፦ አለ እንጂ! ያለህን ብር መጋረጃ ላይ አውጣው። ያለው የመጋረጃ ብረት ይበቃል። መስኮቱ ጋ እንዳያልቅ፣ እስከ ወለል ይውረድ፤ ክፍሉ ከፍ ያለ ይመስላል። አልጋህ በር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ አዙረው። ያ ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ ካለህ (አለህ፣ አውቃለሁ) ቀን ቀን አንድ ቀለም ያለው አልጋ ልብስ ጣል አድርግበት። ሥዕል መስቀል ካማረህ መሬት ላይ አቁመህ ግድግዳውን አስደግፈው። አከራይህም ምንም አይሉህም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ አፓርታማ። ሳሎኔን በአገር ቤት ዕቃ አሳምሬ ጨረስኩ ስል ልጄ "ማሚ፣ ሬስቶራንት አደረግሽው እኮ" አለችኝ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። እውነቷን ነው? (እናት)

መልስ፦ አይቀየሙኝና እውነቷን ነው። መሶቡ፣ "የ13 ወር ጸጋ" የሚለው ፖስተር፣ የላሊበላው ሥዕል፣ ማሲንቆው፣ ባለ ጥለት የጠረጴዛ ልብሱ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ግሩም ነው። ሁሉም በአንድ ግድግዳ ሲሰለፉ ግን አገሩን ለማያውቅ ደንበኛ የተሰቀሉ ይመስላሉ። እርስዎ ቤት የሚመጣው ሰው ላሊበላን ያውቃል። ፖስተሩን አውርደው እንግዳው የማያውቀውን ይስቀሉለት፤ የእናትዎን የሠርግ ፎቶ፣ ወይም ከክፍል ጓደኞችዎ ጋር የተነሡትን። ልጅዎ ስለ ፖስተሩ ጠይቃዎት አታውቅ ይሆናል፤ ስለ አያቷ ቀሚስ ግን ትጠይቃለች።

መሶቡ ላይ እሑድ እሑድ ቤተሰቡ የሚበላ ከሆነ ከቦታው እንዳይነሣ። ለጌጥ ብቻ ከሆነ ለበዓል እስኪወጣ ቁም ሳጥን ላይ ይቆይ። ጀበናውና ሲኒው ግን እጅዎ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ይሁኑ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ስለ ዕጣኑ ጠይቀውኛል። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ነቅለው እንዳያጨሱ፣ አደራ። ቡናውን ምድጃው ላይ፣ የጭስ መሳቢያውን ከፍተው ይቁሉት። ለዕጣኑ የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። በከሰል እንደሚጨሰው አይሆንም፣ እኔም አልወደውም፤ ቢሆንም ጎረቤት አያስደነግጥም።

በሚቀጥለው እትም ስለ ኩሽና እንጫወታለን። ፎቶ ስትልኩልኝ የክፍሉን ልክና መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ አብራችሁ ጻፉ።