ልጄ ለውትድርና ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ19 ዓመት ልጄ በፈቃዱ የአሜሪካን ጦር ሠራዊት ተቀላቅሎ ለሥልጠና ወደ ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን ከሄደ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። «ደርሻለሁ» ብሎ ባጭሩ ከደወለ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ ያባንነኛል፤ እህልም አይወርድልኝም። ስለት ስላለብኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ የደም ግፊት መድኃኒቴንም በባዶ ሆድ ላለመዋጥ አንዳንድ ቀን እዘለዋለሁ። ባለቤቴ «ጦር ሜዳ አልሄደም እኮ» ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ ቀርቷል። ይህ የእኔ ነገር በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅ ለውትድርና ሲሄድ እናት መባባቷና ማልቀሷ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ከጻፉልኝ ውስጥ ጊዜ የማይሰጠው የመድኃኒቱ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት የልብን ምት የሚያረጋጉ በመሆናቸው፣ በድንገት ሲቋረጡ ልብ በኃይል ሊመታና ግፊቱም ሊያሻቅብ ይችላል። የሚወስዱት ከእነዚህ ወገን ከሆነ፣ ሌሊት የሚያባንንዎ የልብ ምት ከፊሉ ከተዘለለው ክኒን የመጣ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒትዎን ስም ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲስትዎ ነግረው በባዶ ሆድ መወሰድ ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም ሰዓቱ ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ስለ ጾሙ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። ከቀትር በኋላ ቡና የሚጠጡ ከሆነም ለጊዜው ይተዉት።

በመጨረሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት የወንድምዎ ነገር ግን ይበልጥ አሳስቦኛል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለስድስት ወር ሠልጥነው ለአገልግሎት ይሰማሩ ነበር፤ ወደ ጦር ግንባር ሄደው ከቀሩትም መካከል መርዶ ያልተነገረላቸው፣ ለቅሶ ያልተቀመጠላቸው አሉ። ቤተሰብ ቁርጡን ሳያውቅ የኖረበት ኀዘን በጊዜ ብዛት አይሽርም፤ ተመሳሳይ መለየት ሲመጣ ሰውነት ያኔ እንደደነገጠው ይደነግጣል። እንደሚመስለኝ የልጅዎን ዝምታ የሚሰሙት በወንድምዎ ዝምታ ነው።

ሁለቱ ዝምታዎች ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥልጠና የሚፈጀው 10 ሳምንት ሲሆን፣ ሠልጣኞች ስልካቸውን አስረክበው አለቆቻቸው ሲፈቅዱ ብቻ ስለሚደውሉ፣ አለመደወሉ የክፉ ነገር ምልክት አይደለም። ከባድ ነገር ቢደርስበት ሠራዊቱ ራሱ ለቤተሰብ ያሳውቃል፤ በእናንተ በኩል አስቸኳይ ጉዳይ ቢገጥም ደግሞ የአሜሪካ ቀይ መስቀል መልእክቱን ያደርስለታል። ከሥልጠናው በኋላ ወዴት እንደሚመደብ ማንም አስቀድሞ ሊያረጋግጥልዎ ስለማይችል፣ ስጋትዎን ከንቱ ነው አልልዎትም። በሶና ዳቦ ቆሎ ለመላክ አስበው ከሆነ፣ በሥልጠና ወቅት ምግብ ስለማይፈቀድ ይቆይ፤ ደብዳቤ ግን ይደርሰዋል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሰንበቱ ይጻፉለት።

ለባለቤትዎም የወንድምዎን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገሩት፤ ያለፈውን ሳያውቅ የሚሰጠው ማጽናኛ አይደርስልዎትም። እርሱም ቢሆን አባት ነውና፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁት።

እንቅልፍና ምግብ ማጣቱ ሳምንታት ስላስቆጠረ የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልግዎታል፤ ድብርት መኖር አለመኖሩም መታየት አለበት። ደረትዎን ጨምድዶ ቢይዝዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ቢሄድ፣ ቢያልብዎ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ 911 ይደውሉ፤ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ በጭንቅ ጊዜ የሚደወልበት የእርዳታ መስመር፣ 988 አለ። ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጆችዎ እንዲያስተረጉሙልዎ አያድርጉ፤ በእነርሱ ፊት የወንድምዎን ነገር እንደልብ መናገር ይከብድዎታል።