ሕግ ነክ ጥያቄዎቻችሁ፦ በአሜሪካ የዕፅ ክስ የዳኛውን እጅ የሚያስረው ምንድን ነው?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የአሜሪካን የፌዴራል ሕግ የሚመለከቱ ናቸው። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ክሱ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደተከፈተ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የቅርብ ዘመዴ በፌንታኒል ዝውውር በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሷል። ከዚህ በፊት ምንም ጥፋት የለበትም። ጠበቃው ግን «የአሥር ዓመቱ አንቀጽ ከጸናበት ዳኛው ቢያዝንለትም መቀነስ አይችልም» አለን። ዳኛ እንዴት መቀነስ ያቅተዋል?

መልስ፦ ጠበቃው ያላችሁ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ መውጫ ቀዳዳዎቹን ከታች እናነሣለን። ኮንግረስ በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሕግ የዕፁ ዓይነትና ክብደት የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ዳኛው የማይወርድበት የቅጣት ወለል ተቀምጧል። ዋናዎቹ ወለሎች ሁለት ናቸው፦ አንዱ 5 ዓመት ሲሆን ጣሪያው 40 ዓመት ነው፤ ሌላው 10 ዓመት ሲሆን ጣሪያው ዕድሜ ልክ ነው። የአምስት ዓመቱን የሚያስከትለው 100 ግራም ሄሮይን፣ 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን፣ 28 ግራም ክራክ (ከኮኬይን የሚሠራ፣ የሚጨስ ጠጣር ዕፅ)፣ ወይም ፌንታኒል ያለበት 40 ግራም ድብልቅ ነው። ለአሥር ዓመቱ እያንዳንዱን በአሥር ማባዛት ነው፤ ፌንታኒሉ 400 ግራም፣ ኮኬይኑ 5 ኪሎ ይሆናል።

ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው «ድብልቅ» የምትለዋን ቃል ሲረዳ ነው። የሚመዘነው ንጹሕ ፌንታኒሉ ብቻ አይደለም፤ የተቀየጠበት ዱቄት ሁሉ አብሮ ይመዘናል። አንድ ክኒን 0.1 ግራም ቢመዝን 400 ክኒን 40 ግራም ይሞላል፣ ውስጡ ያለው ፌንታኒል ከጠቅላላው ጥቂቱ ቢሆንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ኤልኤስዲ የተነከረበት ወረቀት ክብደት እንኳ እንዲቆጠር ወስኗል። ስለዚህ ንጹሑን ከያዘው ይልቅ ያንኑ በዱቄት ያበዛው ሰው ከባድ ቅጣት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለሜታምፌታሚን ግን ሕጉ ሁለት መለኪያ አለው፦ ለአሥር ዓመቱ ወለል 50 ግራም ንጹሕ ወይም 500 ግራም ድብልቅ።

ጠበቃውን አሁኑኑ ጠይቁት የምንላቸው ነገሮች አሉ። የላቦራቶሪው ሪፖርት ክብደቱን ያለ ማሸጊያው ነው የጻፈው? ሁሉም ክኒን ተመርምሯል ወይስ ከጥቂት ናሙና ተነሥቶ ለጠቅላላው ተገመተ? መጠኑ ድንበሩን ለጥቂት ያለፈ ከሆነ ይህ ክርክር ዓመታት ያስቆጥራል። ክሱ የማሴር ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ያዘዋወሩት ሊደመርበት ስለሚችል፣ ለእርሱ የሚቆጠረው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ከ2013 ጀምሮ ወለሉን የሚያስነሣው መጠን በጁሪ (ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ወይም በተከሳሹ መታመን አለበት፤ ዳኛው ብቻውን ገምቶ አይወስንም።

ከሁሉም በላይ ክሱን አንብቡት። ዐቃቤ ሕጉ ክብደቱን ካልጻፈ ተከሳሹ የሚወድቀው በአጠቃላዩ አንቀጽ ሥር ነው፤ ያኔ ለፌንታኒል፣ ለሄሮይንም ሆነ ለኮኬይን ጣሪያው 20 ዓመት ነው፣ ወለል የለውም። ድርድሩ በአብዛኛው የሚካሄደው እዚህች ላይ ነው። በዕፁ ምክንያት ሰው ከሞተ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ክብደቱ ምንም ያህል ይሁን ወለሉ 20 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ከወለሉ በታች መውረጃ መንገድ የለም?

መልስ፦ ሁለት አለ፤ ሰዎች ግን ያምታቷቸዋል።

አንደኛው በ1994 የመጣው፣ በእንግሊዝኛው «ሴፍቲ ቫልቭ» የሚባለው ነው። አምስት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፦ የቀድሞ ሪከርዱ የተገደበ መሆን፣ ኃይል ወይም ዛቻ አለመጠቀምና ከወንጀሉ ጋር በተያያዘ መሣሪያ አለመያዝ፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት አለመድረሱ፣ መሪ ወይም አደራጅ አለመሆን፣ እና ቅጣቱ ከሚወሰንበት ችሎት በፊት ስለ ወንጀሉ የሚያውቀውን ሁሉ ለመንግሥት በእውነት መናገር። የዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መሟላቱን የሚወስነው ዳኛው ነው። የተናገረው ነገር ለመንግሥት ምንም ባይጠቅምም ችግር የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመጨረሻው ነጥብ ነው። ተከሳሹ ጓደኛውን ለመሸፈን ግማሹን ይደብቃል፤ በኋላ የስልክ መልእክቱ ይወጣና ሁሉም ይፈርሳል። ሪከርዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የ2018ቱ «ፈርስት ስቴፕ» ሕግ በሩን አስፍቶታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2024 ሦስቱን የሪከርድ መስፈርቶች አጥብቆ ተረጎማቸው። የቀድሞ ቅጣቶች እንደ ክብደታቸው ከአንድ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ባለ አንድ ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ ከአራት ነጥብ በላይ ያለው፣ ወይም ከ13 ወር በላይ የተፈረደበት ባለ ሦስት ነጥብ ጥፋት ያለው፣ ወይም ባለ ሁለት ነጥብ የኃይል ወንጀል ያለው፣ በአንዱ ብቻ ይወድቃል።

ሁለተኛው መንገድ በሌሎች ላይ መረጃ መስጠትና መመስከር ነው። እዚህ መረጃው መጥቀም አለበት፣ ዐቃቤ ሕጉም ለፍርድ ቤቱ ራሱ ማመልከት አለበት። ካላመለከተ ዳኛው በዚህ መንገድ ከወለሉ መውረድ አይችልም። ከዚህ የሚመጣው መዛባት የታወቀ ነው፤ ብዙ የሚያውቀው አለቃ የሚሸጠው መረጃ አለው፣ ሻንጣ ብቻ የያዘው ተላላኪ የለውም።

ጥያቄ፦ ክራክና ኮኬይን አንድ ዕፅ ከሆኑ ቅጣታቸው ለምን ተለያየ? ዘር አለበት የሚባለውስ?

መልስ፦ በሰኔ 1986 ሌን ባያስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በቦስተን ሴልቲክስ በተመረጠ በሁለተኛው ቀን በኮኬይን ሞተ። ሕጉ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በጥድፊያ ወጣ። 5 ግራም ክራክ ከ500 ግራም ዱቄት ጋር እኩል ተቆጠረ፤ አንድ ለመቶ። ከተፈረደባቸው የክራክ ተከሳሾች አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ባያስ የሞተው በክራክ ሳይሆን በዱቄቱ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ግራ ያደርገዋል። በ2010 ልዩነቱ አንድ ለ18 ሆነ፤ በ2018 ቀድሞ ለተፈረደባቸውም እንዲሠራ ተደረገ። ሙሉ በሙሉ እኩል የሚያደርገው ረቂቅ በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን ቢያልፍም በሴኔቱ ቀረ።

ጥያቄ፦ የአስገዳጅ ወለሉ ደጋፊዎች «ያለዚህ ዳኞች እንደ ፈለጉ ይፈርዳሉ፣ ነጋዴውም አይፈራም» ይላሉ። ተሳስተዋል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ክርክራቸው መሠረት አለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ ጥፋት በሁለት ችሎት ሁለት ዓይነት ይፈረድ ነበር። ሌላው ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ ከባድ ቅጣት የተደቀነበት ሰው ስለ በላዮቹ ይናገራል፣ መርማሪም ወደ ላይ የሚወጣው በዚያ መሰላል ነው።

የኛ ቅሬታ ሥልጣኑ አለመጥፋቱ ነው፤ ከዳኛው ወጥቶ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ሄዷል። ማስረጃው ከራሱ ከመንግሥት ነው። በ2013 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤሪክ ሆልደር ቀላል በሚባሉ የዕፅ ክሶች ክብደቱ እንዳይጻፍ አዘዙ፤ በ2017 ጄፍ ሴሽንስ ገልብጠው ከባዱ ክስ እንዲቀርብ አዘዙ፤ በ2022 ሜሪክ ጋርላንድ መልሰው አለሳለሱት። የሕጉ የግራም ድንበር በእነዚህ ትእዛዞች አልተነካም፤ የሰውየው ቅጣት ግን በተከሰሰበት ዓመት ተለያየ። ዳኛ ቢሆን ምክንያቱን በግልጽ ችሎት ይናገራል፣ ይግባኝም ይባልበታል። ዐቃቤ ሕግ ግራሙን ለምን እንደጻፈ ወይም እንደተወ ማንም አይጠይቀውም።

«ይፈራል» የሚለው ደግሞ ደካማው ክርክራቸው ነው። ሰውን ይበልጥ የሚያስፈራው የመያዝ ዕድሉ ነው፤ ነጋዴ አምስት ዓመት ይሁን አሥር በግራም ለክቶ አይነግድም። የታሰረውን ቦታ ሌላው ይይዘዋል። ሚቺጋን በ1978 650 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ኮኬይን ወይም ሄሮይን ለያዘ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ደንግጋ ነበር፤ በ1998 አላላችው፣ በ2002 አብዛኛውን አስገዳጅ ወለል አነሣች።

ጥያቄ፦ አሥር ዓመት የተፈረደበት በአመክሮ ስንት ዓመት ላይ ይወጣል?

መልስ፦ ከኅዳር 1987 ወዲህ ለተፈጸመ የፌዴራል ወንጀል አመክሮ የለም። በመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን ይታሰብለታል፤ ይህም ለአሥር ዓመት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ጫትም በዚህ ይቀጣል?

መልስ፦ በግራም የተወሰነ ወለል የለውም። ነገር ግን በትኩሱ ቅጠል ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ምድብ የተመዘገበ ስለሆነ በማዘዋወር የተከሰሰ ሰው እስከ 20 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን ከእስሩ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ለራስ ጥቅም ከተያዘ 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና የአንድ ጊዜ ጥፋት በስተቀር ማንኛውም የዕፅ ጥፋተኝነት ለመባረር ምክንያት ይሆናል፣ ወህኒ ባይገባም። ጠበቃ ይህን አስቀድሞ እንዲያስረዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ግዴታ አድርጎበታል። «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን መዘዙን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።