በዚህ ዕድሜዬ ኢምፕሮቭ ኮሜዲ ብጀምር ልቤ ይችለዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ግን ስብሰባ ላይ «እስቲ አስረጂን» ስባል ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይጠፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም ስላለብኝ ስብሰባ ከመግባቴ በፊት የሳልቡታሞል ፓፌን ሁለት ሦስቴ እስባለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢምፕሮቭ ኮሜዲ፣ ማለትም ያለ ጽሑፍ በቅጽበት የሚፈጠር ቀልድ፣ የሚለማመድ ቡድን ውስጥ ገብታ በጣም ተለውጣለች። እኔንም ነይ ትለኛለች። ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜሽ ቀልደኛ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ልቤ እንዳይቆም እፈራለሁ። ሌላ ጓደኛዬ «ከመውጣትሽ በፊት ዋጪው» ብላ ፕሮፕራኖሎል ሰጥታኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ፕሮፕራኖሎሉን አይዋጡት። ጓደኛዎ ለክፋት አላደረገችውም። መድኃኒቱ ልብን ረጋ፣ እጅን ጸጥ ስለሚያደርግ ለመድረክ ፍርሃት ሐኪም የሚያዝበት ጊዜ አለ። አስም ላለበት ሰው ግን አይሆንም። የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። ይባስ ብሎ ያ ቢደርስብዎ የሚተማመኑበት ፓፍ ራሱ በደንብ ላይሠራልዎ ይችላል። የሰው መድኃኒት ተውሶ መዋጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ በዚህኛው ግን ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

ስለ ፓፉም አንድ ነገር ልንገርዎ። ሳልቡታሞል ልብን ያፈጥናል፤ እጅንም ያንቀጠቅጣል። ትንፋሽ ሳያጥርዎ፣ ደረትዎ ሳያፏጭ፣ ለመረጋጋት ብቻ ብለው ከሳቡት የፈሩትን መንቀጥቀጥ ይዘውት ይገባሉ ማለት ነው። ከስብሰባው በፊት ሁለት ስኒ ቡና ከጨመሩበት ደግሞ አስቡት። ትንፋሽዎ በእርግጥ ካጠረ ይሳቡ፤ ለዚያ ነው የተሰጠዎት። ግን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግዎ ከሆነ አስምዎ በቁጥጥር ሥር አይደለም። በየቀኑ የሚሳብ መከላከያ መድኃኒት እንዲጀመርልዎ ወይም እንዲስተካከልልዎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በዚያው ሲሄዱ የደም ግፊትዎን፣ የደም ማነስን፣ የታይሮይድ ዕጢንና የልብ ምትዎን ያስመርምሩ። በተለይ ቤትዎ ዘና ብለው በተቀመጡበት ልብዎ የሚደልቅ፣ ክብደትዎ የሚቀንስ ወይም የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ምርመራውን አያዘግዩ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ደግሞ ኢምፕሮቩ ይቆይ።

ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ልብዎ ይችለዋል። ዘይትና ሽንኩርት ተሸክመው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ የሚደልቀው ልብ ነው ስብሰባ ላይም የሚደልቀው። ልዩነቱ፣ ደረጃው ላይ «ሞትኩ» አይሉም። ሰው ፊት ሲሆን አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፤ እርስዎም ያንን ሲያዳምጡ ፍርሃቱ ይበረታል። ከዚያ ዝም ብለው ይወጣሉ፤ ይቀልልዎታል። ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን የሚያኖረው። አንጎል «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል።

ኢምፕሮቭ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ጽሑፍ የለውም፣ የሚሸመደድ ነገር የለውም፤ ሰዎች እዚያው በቅጽበት ይፈጥሩታል። መነሻው ሳቅ አልነበረም። ቪዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ሐሳባቸውን ሳይፈሩ እንዲገልጹ ያዘጋጀቻቸው ጨዋታዎች ናቸው መሠረቱ። ልጇ ፖል ሲልስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ዘ ሴከንድ ሲቲ የተባለውን የኮሜዲ ቤት ሲመሠርት ጨዋታዎቹን ወደ መድረክ አወጣቸው። ለእኛም ባዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ሲወረውር አዝማሪው ከአፉ ተቀብሎ ያዜም የለ?

አንዱን ጨዋታ ልግለጽልዎ። ሁለት ሰው ይቆማል። አንዱ «ባጃጁ ተበላሸብን» ይላል። ሌላው «የምን ባጃጅ?» ማለት አይፈቀድለትም። የተባለውን ተቀብሎ ይጨምርበታል፦ «አዎ፤ እናቴ ደግሞ ከነዶሮዋ ከኋላ ተቀምጣለች።» ቃል ከጠፋብዎ አብሮዎት የሚጫወተው ያነሳዋል። እናም ዓይንዎ የእርሱ ፊት ላይ ነው፤ ጆሮዎ የእርሱ አፍ ላይ ነው። የራስዎን እጅ ለማየት፣ የራስዎን ልብ ለማዳመጥ ጊዜ የለዎትም። ለእኔ ዋናው መድኃኒት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ 20 ደቂቃ ብቻ ኢምፕሮቭ የተጫወቱ ሰዎች ያልታወቀን ነገር የመታገስ አቅማቸው ከፍ እንዳለ አሳይቷል። 20 ደቂቃ ሕይወት ይለውጣል አልልም፤ ግን አቅጣጫው ትክክል ነው።

ስለዚህ ይሂዱ። ለአሠልጣኙ «ሰው ፊት መቆም ይከብደኛል» ብለው አስቀድመው ይንገሩ፤ በክብ ቆመው ከሚጫወቱት ይጀምሩ፤ መድረኩ ይቆይ። ለማሳቅ አይሞክሩ፤ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ አቋርጠው አይውጡ። ከቆዩበት ራሱ ይወርዳል፤ አንጎልዎ የሚማረውም ሲወርድ ካዩት ነው። ለድፍረት ብለው ቢራ አይቅመሱ፤ አለዚያ ድፍረቱ የቢራው ነው የሚሆነው። ቡድኑ በሰው መልክ፣ ብሔር ወይም አነጋገር የሚሳለቅ ከሆነ ግን ትተውት ይውጡ፤ እንዲህ ያለው ያቆስላል።

ማታ ከመሀል ከተማ ወደ ኮዬ ፈጬ ታክሲ መጠበቅ ሌላ ጭንቀት ነውና ከሰዓት በኋላ የሚለማመድ ቡድን ይምረጡ። ካልተገኘ ሦስት አራት ጎረቤት ሰብስባችሁ በኮንዶሚኒየማችሁ ኮሚናል ቅዳሜ ከሰዓት መጫወት ትችላላችሁ። ባለቤትዎንም ይጋብዟቸው። ቀልደኛ ልትሆን ነው ያሉትን ሰው ባጃጁ ጨዋታ ውስጥ ማስገባት መልስ ከመስጠት ይሻላል።

ፍርሃቱ ከስድስት ወር በላይ ከቆየና ዕድገት እንዲተዉ፣ ለቅሶና ማኅበር እንዲቀሩ እያደረገዎት ከሆነ ግን ዓይናፋርነት ብቻ አይደለም። የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ይባላል፤ ይታከማል። ዋናው ሕክምና በባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው፤ ኢምፕሮቭ ከጎኑ ይሄዳል እንጂ አይተካውም። መድኃኒት ካስፈለገ እንደ ሰርትራሊን ያሉት አስምን አያስነሱም፤ ውጤታቸው ግን ሳምንታት ይወስዳል። በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ወይም ሌላ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይልኩዎታል። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ፓፉንም ጭምር፣ በእጅዎ ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። ጓደኛዎ የሰጠችዎትን ፕሮፕራኖሎልም ይመልሱላት፤ ለምን እንደማይሆንልዎም ይንገሯት።