ጥርስን ማንጣትና የሙሌት መጣበቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጥርሴን ካስነጣሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው። የፊት ጥርሴን በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት) ለማስሞላት ለነገ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ቀጠሮውን ቢያንስ በ2 ሳምንት ቢያራዝሙት እመክራለሁ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ሆነ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጥርስን የሚያነጣው ኦክስጅን እየለቀቀ የቀለም ሞለኪውሎችን በመሰባበር ሲሆን፣ የዚህ ኦክስጅን ቅሪት በኢናሜል (በጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) እና ከሥሩ ባለው ዴንቲን ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ኮምፖዚቱና ማጣበቂያው በብርሃን ሲጠነክሩ ኦክስጅን ይህንኑ ሂደት ስለሚያደናቅፍ፣ ሐኪሙ ከመሙላቱ በፊት በአሲድ በሚከፍታቸው ጥቃቅን የኢናሜል ቀዳዳዎች ሰርገው ገብተው እንደ ዛፍ ሥር ሙሌቱን መያዝ የሚገባቸው የሬዚን (ኮምፖዚቱና ማጣበቂያው የተሠሩበት ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ዘንጎች አጥረውና ሳስተው ይቀራሉ። ሌላም ምክንያት አለ፦ በማንጣት ጊዜ ጥርስ ውሃ ስለሚያጣ ከእውነተኛ መልኩ በላይ ነጥቶ ይታያል፤ ቀለሙ ሳይረጋ የተመረጠ ሙሌት በኋላ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር አይመሳሰልም።

ጥያቄ፦ እኔ የተጠቀምኩት ቤት ውስጥ የሚደረገውን 10 በመቶ ካርባማይድ ነው። እሱም ያው ነው?

መልስ፦ አዎ። የሚያስገኘው 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቢሆንም መጠበቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ መጠበቅ የማይቻል ከሆነስ? ቫይታሚን ሲ ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የሰሙት መሠረት አለው። ሐኪሙ ከቫይታሚን ሲ የሚገኘውን ሶዲየም አስኮርቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 በመቶ መጠን፣ በጥርሱ ላይ ሲያደርግ የቀረውን ኦክስጅን እንደሚያረክስና የመጣበቅ ኃይሉን እንደሚመልስ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሎሚ ማሸት ግን ኢናሜሉን ከመብላት በቀር የሚፈይደው የለም። እኔ ብሆን በጊዜያዊ ሙሌት ዘግቼ መጠበቅን እመርጣለሁ፤ ጊዜያዊው ሙሌትም ዩጂኖል የሌለበት ይሁን፣ የቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ዩጂኖል ራሱ የሬዚንን መጠንከር ይከለክላልና።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ያስሞላሁት ጥርስ አለኝ። ማንጫው ሙሌቱን ያላቅቀዋል?

መልስ፦ በደንብ የተጣበቀን ሙሌት አያላቅቅም፤ አያነጣውምም። ጥርሱ ሲነጣ ሙሌቱ በነበረበት ቀለም ስለሚቀር፣ የፊት ጥርስ ከሆነ መቀየሩ አይቀሬ ነው። ጠርዙ የተከፈተ ሙሌት ካለ ግን ማንጫው ወደ ውስጥ ሰርጎ ነርቩን እንዳያስቆጣ አስቀድሞ ይታሸግ።

ጥያቄ፦ ያደግኩት በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ጥርሴ ቡናማ ነው። አንጥቼ ቬኒር (በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ማስለጠፍ እችላለሁ?

መልስ፦ የገለጹት ፍሎሮሲስ ይመስላል፤ ጥርስ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በመጠጣት የሚመጣ ነው። ማንጣት ቡናማውን ያደበዝዛል፣ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን ግን መጀመሪያ ላይ አጉልቶ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ኢናሜል የላይኛው ንብርብሩ አሲድን ስለሚቋቋም ማጣበቁ ያለ ማንጣትም አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ በእርስዎ ጉዳይ ከማንጣት በኋላ ያለውን ቆይታ ማሳጠር አይገባም። ጥርስዎ ቬኒሩ የሚሸፍነው ከሆነና ቡናማው ቀላል ከሆነ ደግሞ፣ ማንጣቱ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ለማስገጠምስ?

መልስ፦ ብሬስም የሚለጠፈው በሬዚን ስለሆነ ቆይታው ያው ነው። ከተቻለ ማንጣቱ ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ይሁን።