ማሽኑ ደሴ ባይኖርም

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደሴ የሥነ ልቦና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ሰው ፍርሃትን እንዴት እንደሚማር በአንጎል ምስል ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ ቤተሰብ ግን የአንጎል ምስል የሚያነሳውን ኤምአርአይ አስቦ «ማሽኑን ከየት ታመጪዋለሽ? አካውንቲንግ ይሻልሻል» ብሎሻል። ሐሳብሽን አትቀይሪ፤ ብቻ ከማሽኑ አትጀምሪ።

የሙያው ከባዱ ሥራ ተሳታፊው ኤምአርአይ ውስጥ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ያለው ነው። በተለመደው ሙከራ ሰውየው ተኝቶ ባለቀለም ካሬዎች ያያል። አንደኛው ሲመጣ አልፎ አልፎ እጁን ቀለል ያለ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፤ ሌላኛው ሲመጣ ግን ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያውን ካሬ ገና ሲያየው ጣቶቹ ላብ ላብ ይላቸዋል፤ ይህም ይለካል። ሁለተኛው ካሬ ባይኖር ኖሮ የአንጎሉ ምስል ብቻውን ምንም አይነግርሽም ነበር፤ የምታውቂው ሁለቱን አነጻጽረሽ ነውና። በ1998 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ላባር፣ ለዱ፣ ፌልፕስና ባልደረቦቻቸው በእንዲህ ዓይነት ሙከራ አሚግዳላ የተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ሰው ፍርሃትን ሲማር እንደሚነቃ አሳይተዋል። «የፍርሃት ማዕከል» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፤ ለዱ ራሱ ይህን አባባል አጥብቆ ይቃወማል።

ከጦርነቱ በኋላ የተወለደው ወንድምሽ በር ተላትሞ ሲዘጋ እንደ እናታችሁ ለምን እንደሚደነግጥ ጠይቀሻል። ሳላየው ይህ ነው አልልሽም። ግን ኦልሰንና ፌልፕስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሌላ ሰው ሲነዘር በፊልም ብቻ ያዩ ሰዎችም ፍርሃቱን ተምረዋል፤ አሚግዳላቸውም ነቅቷል። ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ያዢው።

አሁን ስታትስቲክስን ጠበቅ አድርጊ፣ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጀምሪ። ኦፕንኒውሮ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሌሎች ያነሷቸው የአንጎል ምስሎች በነፃ ይገኛሉ፤ መተንተኛው ሶፍትዌር ኤፍኤስኤልም ለትምህርት አይከፈልበትም። የቆዳ ላብ መለኪያ መሥራት ደግሞ ለኤሌክትሪካል ተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወርደሽ አብሮሽ የሚሠራ ፈልጊ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ኤሌክትሪክ አትንኪ፤ ደስ የማይል ድምፅ ይበቃል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ማንንም ለሙከራ አታስቀምጪ፤ ሕፃናትንና በጦርነቱ የተጎዱትን ለጊዜው ተያቸው።

ልብሽ ከምርምሩ ይልቅ ወደ ማከም ካደላ መንገድሽ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው፤ ይህን ከወዲሁ ለዪ።

የጥናት ጥያቄሽን በአንድ አንቀጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ምንን ከምን ጋር እንደምታነጻጽሪ አብረን እናየዋለን።