ፍሳሹ ከቆመ በኋላ የባህረ ሰላጤው ውሃ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጥልቀት የሌለውን የአንድ ባህረ ሰላጤ የውሃ ጥራት ከሚከታተሉ ሰዎች አንዱ ነኝ። ወደ ባህሩ ይለቀቅ የነበረው ፍሳሽ ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሆኖም ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ውሃው በአልጌ ይሸፈናል። ከውጭ የሚገባ ነገር ከሌለ አልጌውን የሚመግበው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ከየት ይመጣል? ከሥር ያለው ጥቁርና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጭቃስ ተዝቆ ቢወጣ አይሻልም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ የመጀመሪያውን መልስ በውስጡ ይዟል፤ አልጌውን እየመገበ ያለው ከሁሉ አስቀድሞ ያ ጥቁር ጭቃ ሳይሆን አይቀርም። ፍሳሹ ይገባ በነበረባቸው ዓመታት እየበቀለ የሞተው አልጌ ፎስፈረሱንና ናይትሮጅኑን ይዞ ወደ ታች ወርዷል። ወደ ታች የወረደው ሁሉ ግን በዚያው ተቀብሮ አይቀርም።

ነገሩን በዓይን ለማየት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ጭቃው ውስጥ ቀስ ብለው ያስገቡና አፉን በውታፍ ደፍነው ሳያናውጡ ያውጡት። ከላይ የዝገት ቀለም ያለው ስስ ሽፋን፣ ከሱ ሥር ግራጫ ደለል፣ ከዚያ በታች ደግሞ ድፍን ጥቁር ይታይዎታል። በጥቁሩ መሐል ቁልቁል የሚወርድ ቡናማ መስመር ካገኙ የትል ጉድጓድ ነው፤ ትሉ ከላይ ውሃ እየሳበ ስለሚያስገባ ኦክስጅን የደረሰው የጉድጓዱ ግድግዳ ዝጎ ነው ቀለሙ የተለየው።

እነዚህ ቀለሞች የባክቴሪያዎችን አተነፋፈስ ቅደም ተከተል ያሳያሉ። የሞተውን አልጌ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በቅድሚያ የሚጠቀሙት ኦክስጅንን ነው፤ ይሁንና ጭቃማ በሆነ ደለል ውስጥ ኦክስጅን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይዘልቅም። ኦክስጅን ሲያልቅ በምትኩ ወደ ናይትሬት (ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት)፣ ቀጥሎ ወደ ማንጋኒዝና ወደ ብረት ዝገት፣ በመጨረሻም ወደ ሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን የተዋሃዱበት) ይሄዳሉ። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን እንደ ወትሮው ከ10 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ሰልፌቱ ግን 2.7 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በባህር ዳርቻ ደለል ውስጥ ሰልፌትን የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች ሰፊውን ድርሻ ይይዛሉ፤ የሚያወጡት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ከብረት ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ጭቃውን ያጠቁረዋል።

የፎስፈረሱ ጉዳይ የሚያያዘው ከዚያ ከላይ ካለው የዝገት ሽፋን ጋር ነው። ዝገት ፎስፌትን፣ ማለትም ፎስፈረስ በውሃ ውስጥ የሚገኝበትን መልክ፣ በላዩ ላይ አጣብቆ የመያዝ ኃይል ስላለው፣ ሽፋኑ እስካለ ድረስ ከታች እየተለቀቀ የሚወጣው ፎስፌት እዚያው ይጠመዳል። ውሃው ሲሞቅ ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይመጣሉ፦ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፣ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈጥናል፣ ነፋስ ካልነካውም የላይኛው ውሃ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ከሥር ያለው ኦክስጅን ተሟጥጦ ዝገቱ ይሟሟል፣ ይዞት የነበረው ፎስፌትም ወደ ውሃው ይለቀቃል። የሐይቅ ተመራማሪው ክሊፎርድ ሞርቲመር ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባወጣቸው ጽሑፎች በእንግሊዝ ሐይቆች ላይ አሳይቶታል። በባህር ውስጥ የሚብሰው ከሰልፌቱ የተነሣ ነው፤ የሟሟው ብረት በሰልፋይድ ተይዞ ስለሚቀር ኦክስጅን ቢመለስ እንኳ ዳግም ዝገት ሆኖ ፎስፌት ለማጥመድ የሚተርፈው ብረት ያነሰ ይሆናል። የባልቲክ ባህር ዋና ምሳሌ ነው፦ ከመሬት የሚገባው ፎስፈረስ ከ1980ዎቹ ወዲህ በእጅጉ ቢቀንስም ኦክስጅን ባጡት ጥልቅ ስፍራዎች ከደለሉ የሚወጣው ፎስፌት አልጌውን መመገቡን ቀጥሏል።

ናይትሮጅንም ሌላ ጉድ አለው። ጤናማ ደለል ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይሮ ወደ አየር ይመልሳል፤ ለባህረ ሰላጤ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት የሚሰጥ ነገር ማሰብ ይቸግረኛል። ይህ እንዲሆን ግን ኦክስጅን ያለበትና የሌለበት ስፍራ ጎን ለጎን መገኘት አለባቸው፤ በአንደኛው አሞኒየም (የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የሚለቀቀው የናይትሮጅን መልክ) ወደ ናይትሬት ይቀየራል፣ በሌላኛው ናይትሬቱ ጋዝ ይሆናል። የትል ጉድጓዶች ይህንን ጉርብትና በየሚሊ ሜትሩ ይፈጥራሉ። ኦክስጅኑ ጠፍቶ ትሎቹ ሲሞቱ ሰንሰለቱ ከመነሻው ይበጠስና አሞኒየሙ እንዳለ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ አልጌው ፎስፈረሱንም ናይትሮጅኑንም በአንድ ወቅት ያገኛል ማለት ነው።

ባህረ ሰላጤው ወደ ጤናው መመለሱ ለምን ዓመታት እንደሚፈጅ ለመረዳት በደለል ቅንጣቶች መካከል ያለውን ውሃ ማሰብ ይበቃል። በዚያ ውስጥ የሟሟ ነገር ማንም ሳይነካው በራሱ ስርጭት 1 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ አንድ ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ግን የሚያስፈልገው 10 ቀን ሳይሆን 100 ቀን ገደማ ነው፣ ርቀቱ በ10 ሲባዛ ጊዜው በ100 ይባዛልና። ለዚህ ነው ጥልቅ የሆነው ክምችት ቶሎ የማያልቀው፤ ትሎችና ማዕበል ሲያማስሉት ብቻ ፍጥነቱ ይጨምራል።

ጭቃውን ስለመዛቅ፣ ሳይመረመር እንዲጀመር አልመክርም። በሰልፋይድ ታስረው የተቀመጡ እንደ ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብ ያሉ ብረቶች ጭቃው ተረብሾ ኦክስጅን ሲያገኛቸው በከፊል ይፈታሉ፤ የተበተነው ሰልፋይድ ደግሞ የውሃውን ኦክስጅን በቅጽበት ይበላና ዓሣ ሊጨርስ ይችላል። መዛቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም፤ በጃፓን ሚናማታ ባህረ ሰላጤ በሜርኩሪ የተመረዘው ደለል ተዝቆ ወጥቷል፣ ሥራው ግን ከ1977 እስከ 1990 ዘልቋል። የእርስዎ ጭቃ ችግሩ ፎስፈረስ ብቻ ከሆነ አስቀድሞ መለካት ያለበት ከደለሉ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወጣ ነው። በባህሩ ወለል ላይ ክዳን ያለው ሳጥን ተደፍቶ፣ በውስጡ የታሰረው ውሃ ፎስፌት፣ አሞኒየምና ኦክስጅን በየሰዓቱ ሲለካ መጠኑ ይታወቃል። ልኬቱ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም ወቅት፣ በሌሊትም ጭምር መደረግ አለበት፤ በቀን ብርሃን ከደለሉ ላይ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች ኦክስጅን ስለሚያመርቱ፣ ቀን ቀን ብቻ የለካ ሰው በሌሊት የሚወጣውን አያየውም።