«ኢሚዩኒቲ የሚጨምር አለ?» ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣ እኔ ፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከእናንተ አብዝቼ የምሰማው «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር አለ?» የሚለውን ነው። ለጉንፋንም፣ ለድካምም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመምም ያው ጥያቄ። የጉንፋኑን ተዉት። የመገጣጠሚያው ግን ያሳስበኛል፤ እዚያ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ ቤተሰብ በጅምላ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ብሎ ያልፈዋል። የአያቶች ሕመም አድርጋችሁ አትዩት፤ በ20ዎቹ ዕድሜም ይጀምራል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። አንዲት ልጅ የውኃ ፕላስቲክ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ» አለችኝ። እጇን አየሁት። የሁለቱም እጅ አንጓዎች አብጠዋል። ቀለበቷ አልገባ ስላላት ሐብሏ ላይ አንጠልጥላዋለች። ጠዋት ጣቷ ሰዓት ያህል አልታጠፍ እንደሚላት የነገረችኝ ስጠይቃት ነው። የመጣችው ቫይታሚን ልትገዛ ነበር!

የዚህች ልጅ ኢሚዩኒቲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያዋ፣ አልደከመም። የቤቱን ልጅ ሌባ ብሎ እንደሚደበድብ ዘበኛ ሆኗል። ነጭ የደም ሴሎቿ የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ወረውታል። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ ኬሚካሎች እየረጩ ሌሎቹን ይጠራሉ። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቆይቶም ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም።

ነገሩ የሚጀምረው ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት ነው። በብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ የራስን ፕሮቲን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ከዓመታት በፊት ይገኛሉ። ሲጋራ እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ጢሱ ሳንባ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን መልክ ይለውጣል፣ መከላከያው እንደ ባዕድ ይቆጥራቸዋል። በዘር ተጋላጭ የሆነ ሰው ሲያጨስ ነገሩ ይብሳል። የድድ በሽታም ይጠረጠራል። ስለ ሲጋራ ሳንባችሁን እያነሳ የሚመክራችሁ ሞልቷል፤ ጣታችሁን የሚያነሳላችሁ ስለሌለ ነው እኔ የማነሳው።

ሌላም አለ። የእነዚህ ሕመምተኞች ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ። ስለዚህ መከላከያው በራስ አካል ላይ ጨካኝ፣ በጀርም ላይ ግን ሰነፍ ይሆናል። የሳንባ ምችና አልማዝ ባለጭራ በቀላሉ የሚይዛቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱም ይጨምርበታል። ታዲያ «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» ተብሎ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥ ዱቄት የቱን ሊጨምር ነው? ፌጦና ዝንጅብላችሁን ብሉ፣ አልከለክልም። የአጥንቱን መበላት ግን አያቆሙትም።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ልምጣ፦ ፕሬድኒሶሎን፣ እብጠትና ሕመም ቶሎ የሚያስታግሰው ኪኒን። ጎረቤት «ያቺ ኪኒን አዳነችኝ» ትላለች፣ ልጅቱ ያለ ማዘዣ ትጠይቃለች፣ የሚሸጥም አይጠፋም። በእርግጥ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች የዚሁ ወገን የሆነውን ኮርቲሶን ሰጥቶ መንቀሳቀስ ያቃታት ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ተሸለመ። ጉዳቱ የታየው ቆይቶ ነው። ስኳር ከፍ ይላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ፊት ይነፋል። እኛ አገር ደግሞ ፊቷ የተነፋውን ልጅ «አማረብሽ፣ ተስማማሽ!» ይሏታል። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ካዘዘው ውሰዱት። ለወራት ስትወስዱ ቆይታችሁ ግን በአንድ ጊዜ አታቁሙ፤ ሰውነታችሁ የራሱን መሰል ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ልትወድቁ ትችላላችሁ።

ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! ይህን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው የደም ሴሎቹ አልቀው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ምረጡና፣ ሰኞ ከሆነ «ሰኞ» ብላችሁ ፓኬቱ ላይ ጻፉ። ፎሊክ አሲድ ይታዘዝላችኋል፣ አትተዉት። ጉበታችሁና ደማችሁ በየጊዜው ይታያል፣ አረቄውም ይቅር። እርግዝና ያሰባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ፅንስ ይጎዳል። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብላችሁ አትጣሉት፣ ሥራውን ለማሳየት ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

እሱ ያልበቃው ሰው ቲኤንኤፍን ወደሚያግዱት መርፌዎች ይሄዳል። ውድ ናቸው፣ አያያዛቸውም ይለያል። ቲኤንኤፍ የተኛ የቲቢ ጀርምን አጥሮ የሚይዝ ነው። ሲታገድ ቲቢው ይነቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሰፊው የተነገረ ነገር ነው። ቲቢ በበዛበት አገራችን ደግሞ ቀልድ አይደለም። መርፌውን ውጭ ያለ ዘመድ ልኮላችሁ ቢሆን እንኳ፣ ስለ ቲቢ ሳትመረመሩ እንዳትጀምሩ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አርኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር) የሚባል የደም ምርመራ ይታዘዝላችሁ ይሆናል። ፖዘቲቭ ሲሆን አትደንግጡ። በጤነኛ ሰውም፣ በቲቢም ፖዘቲቭ ይወጣል። ኔጋቲቭም ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። ያበጠውን እጅ አይቶ፣ ነክቶ የሚመረምራችሁን ሰው ፈልጉ። ሩማቶሎጂስት ጥቂት ነው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ታገኛላችሁ። እብጠቱ ጠዋት ብሶ ከሰዓት ሊቀንስ ስለሚችል፣ እንደነቃችሁ እጃችሁን በስልክ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ።